ከደብረ ብርሃን፦ ችግረኛ ቤተሰብና ወጣት ስለማገልገል ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የበጎ አድራጎት ክፍል ማገልገል ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ተሸካሚ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ጸሐፊ፣ አሁን አስተባባሪ ይሉኛል። (ሥራው ያው መሸከም ነው።) ችግረኛ ቤተሰቦችን፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን፣ የአብነት ተማሪዎችን፣ ሥራ ያጡ ወጣቶችን እናያለን። በየአጥቢያቸው እንዲህ ያለ አገልግሎት ለመጀመር ያሰቡ ብዙ ሰዎች ስለሚጠይቁኝ፣ ዛሬ የማውቀውን ልመልስ። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነን። 12 ጓደኛሞች አገልግሎት ልንጀምር አስበናል። ገንዘብ በምን መንገድ ብናሰባስብ ይሻላል?

መልስ፦ ገንዘቡን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ቤት ለቤት ሂዱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ከተቻለ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ባዶ እጃችሁን ግቡ፣ ቁጭ በሉ፣ ስሙ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ሦስት ልጆች ብቻዋን ለምታሳድግ እናት 25 ኪሎ ዱቄት ተሸክመን ሄድን። ቤቷ አንድ ክፍል ናት። የኩበት ጭስ ግድግዳውን አጥቁሮታል። ዝተት አንጥፋ አስቀመጠችን፤ ያለቻትን ቡና ቆላች። ዱቄቱን አመስግና ተቀበለች። ልንወጣ ስንል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዱቄቱንስ እግዜር ይስጥልኝ፤ ምጣዴ ግን ተሰንጥቋል» አለች። ለካ ሁለት ወር ሙሉ ምጣድ የምትዋሰው ከጎረቤት ነው። ጎረቤቷም ሰልችታለች። ምጣድ ያላገኘችበት ቀን ጠዋት ገንፎ፣ ማታ ገንፎ። የምጣዱ ዋጋ ከዱቄቱ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። እኛ ግን አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለን የጎደላትን ወሰንንላት እንጂ አልጠየቅናትም። ከዚያ ወዲህ ሳንጠይቅ ዕቃ ይዘን የማንም ቤት አንሄድም።

ጥያቄ፦ ለጋሾች «ስታከፋፍሉ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልን» ይላሉ። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ የሰው ፊት አንልክም። ይህን ያስተማረን የራሳችን ጥፋት ነው። በጀመርንበት ዓመት ለገና ዋዜማ 40 የሚሆኑ ቤተሰቦችን ግቢ ጠርተን አሰለፍን። ዘይትና ዱቄት እየሰጠን ፎቶ አነሣን። እናቶቹ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ተከናነቡ። እኛ ብርዱ መስሎናል። ፎቶው በየስልኩ ዞረ። ከሳምንት በኋላ ከእናቱ ጎን ቆሞ የነበረ የ12 ዓመት ልጅ ከመዝሙር ጥናት ቀረ። ቤቱ ድረስ ብሄድ፣ «ክፍል ውስጥ ዘይቱ እያሉ ይጠሩኛል» አለኝ። ያን ልጅ ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጀብን። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። እሳቱን ያነደድንበት እኛው ነን።

«ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን እያነበብን ነው ይህን ያደረግነው።

ለጋሽ ማስረጃ ቢጠይቅ ግን መብቱ ነው። የጆንያውን፣ የደረሰኙን፣ የተጠገነውን ጣሪያ ፎቶ ላኩለት። በዚህ ተቀይመው የተዉን ለጋሾች አሉ። ይሁን።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር ሁሉም ድሃ ነው። ማንን መርጦ ማንን መተው ይቻላል?

መልስ፦ ጥያቄው የቆየ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብቡ። ገና በመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን የግሪክ አገር አይሁድ፣ መበለቶቻቸው በየዕለቱ እደላ ችላ ስለተባሉባቸው አንጎራጉረዋል። ሐዋርያት ቅሬታውን አላፈኑትም። የተመሰከረላቸው 7 ሰዎች አስመርጠው ሥራውን ሰጧቸው። ቅዱስ እስጢፋኖስ አንዱ ነው። እኔ ይህን ምዕራፍ የምወደው ማጉረምረሙ ስላልተደበቀ ነው። እናንተም ላይ ይጎረመረማል፤ ተዘጋጁ።

እኛ የምናየው ሦስት ነገር ነው። ቤቱ ውስጥ ሠርቶ የሚያገባ ሰው አለ ወይ? የአልጋ ቁራኛ አለ ወይ? የቤት ኪራይ ስንት ወር ውዝፍ አለበት? ከዚያ ጎረቤት እንጠይቃለን፣ የእድሩን ሰብሳቢ እንጠይቃለን። የንስሐ አባትን ግን ስለ ሰው ገመና አትጠይቋቸው፤ አይነግሯችሁም፣ መንገርም የለባቸውም። «እስቲ እዚያ ቤት ግቡ» ብለው በር ከጠቆሟችሁ ይበቃል። ግቡ።

በር ላይ መጥቶ ለሚጮኽ ሰው መስጠት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ዝም ብሎ የሚራበው ነው። እንዲህ ያለው ሰው እኛ አገር ብዙ ነው። ቤቱ እንግዳ ሲመጣ በባዶ ምድጃ ላይ ድስት ይጥዳል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሦስት ቦታ የሚቀበሉ አጭበርባሪዎችስ?

መልስ፦ አሉ። ከአጎራባች አጥቢያዎች ጋር በዓመት ሁለቴ ስም እናስተያያለን፤ ዝርዝሩን የሚያዩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ቢሆንም ሦስት ቦታ ቆማ አምስት ሊትር ዘይት ያገኘች ሴት ሀብታም አልሆነችም። በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ አላጣም።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው። ብርድ ልብስ ተሰጥቶን ነበር፤ ማን ይፈልገዋል?

መልስ፦ (ሳቅሁ፣ ይቅርታ።) ለእኛ ላኩልን! ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው ያነጣዋል። ከጣርማ በር ወርደን እናንተ ጋ ስንደርስ ደግሞ ጃኬት አውልቀን ጥላ እንፈልጋለን። እናንተ ጋ የሚያስፈልገው አጎበር ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ወባ የሚበረታው መስከረምና ጥቅምት ስለሆነ ከዚያ በፊት አድርሱ። አንድ ዞን ነን ብለን አንድ ዓይነት ዕቃ ማከፋፈል ከንቱ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ቤተሰቦችንም ትረዳላችሁ? አንዳንዱ «ለራሳችን ሳይበቃን» ይላል።

መልስ፦ እንረዳለን። ደጉ ሳምራዊ የተደበደበውን ሰውዬ በአህያው ከመጫኑ በፊት ሃይማኖቱን አልጠየቀውም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ በበዓል ቅርጫ ገብታችሁ ሥጋ ስታድሉ ለእነሱ ሥጋ አትላኩ፤ አይበሉትም፣ እምቢ ማለቱም ያሳቅቃቸዋል። ዘይት፣ ዱቄት፣ ስኳር ላኩ። ዱቄት ሰጥቶ ስብከት ማስከተልንም እኔ በግሌ አልወደውም። መስማት የሚፈልግ ሰው ራሱ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ መጠለያ ላሉ ተፈናቃዮች ልብስ አሰባስበናል። ሌላ ምን እንጨምር?

መልስ፦ ሞዴስ። የሴቶች የውስጥ ልብስ። ሳሙና። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ ለሚኖሩት ወገኖች ልብስ የሚያመጣ አይጠፋም፤ እነዚህን ግን አፍሮ የሚያመጣ የለም፣ አፍረውም አይጠይቁም። ሴት አገልጋዮች ይዘው ይግቡ፤ እኛ ወንዶቹ ውጭ እንቁም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 12ኛ ክፍልን ወድቆ ቤት ከተቀመጠ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ፑል ቤት ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ለእንደሱ ዓይነት ልጅ ከስብከት ሌላ ምን አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስብከት ብቻ ከሆነማ አይመጣም። እኔም በሱ ዕድሜ አልመጣም ነበር።

በመጀመሪያ ብቻውን እንዳልወደቀ ንገሪው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያየን ጊዜ ነው ማስጠናት የጀመርነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን ያስጠናሉ። በስድስት ልጅ ተጀመረ። ሻይና ዳቦ ስንጨምር አዳራሹ ሞላ። «ለዳቦው ነው የሚመጡት» ብለው የተቆጡ አባት ነበሩ። ለዳቦው ይምጡ! በተራበ ሆድ ሒሳብ ማን ይገባዋል?

ትምህርት ላልሆነለት ደግሞ ሙያ አለ። እዚህ ላይ ተሳስተናል። መጀመሪያ ዓመት ዘጠኝ ሴቶችን በአንድ ጊዜ የፀጉር ሥራ አስተማርን። አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ዘጠኝ አዲስ ፀጉር ሠሪ ምን ታደርጋለች? ሁለቱ ብቻ ዘለቁ። አሁን ልጁን አንድ ባለሙያ ዘንድ እናስገባለን፤ ብየዳ፣ አናጢነት፣ ሞባይል ጥገና፣ የልብስ ስፌት። ሲጨርስ መሣሪያ እንገዛለታለን። አንድ ዓመት እስኪሞላ ግን መሣሪያው የክፍሉ ንብረት ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ አንድ የብየዳ ማሽን ተሽጦ ተጠጥቷል።

ሌላው ትልቁ ነገር ተያዥ ነው። ከተማችን ፋብሪካ አላጣችም፤ ሥራ ሲገኝ ግን ብዙው ተያዥ ይጠይቃል። ከመንዝ ገጠር የመጣ ልጅ እዚህ ደመወዝተኛ ዘመድ ከየት ያመጣል? ከአባሎቻችን መካከል መንግሥት ሠራተኛ የሆኑት ለሚያውቋቸው ልጆች ተያዥ ይሆናሉ። አንድ ፊርማ ነው፤ ግን ከብዙ ብር ይበልጣል፤ ያስፈራልም። ስለዚህ ስድስት ወር አብሮን ላላገለገለ ማንም አይፈርምም።

ወንድምሽን አትምከሪው፤ ተመክሮ ሰልችቶታል። ቅዳሜ ጆንያ የሚሸከም ሰው ጠፍቷል በይውና ላኪልኝ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ገንዘብ የለኝም፤ ምን ላግዝ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎንማ በመብራት ስንፈልግ ነው የኖርነው። ቅዳሜ ከሰዓት ይምጡልን። ጠመኔውን እኛ እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ። አጥቢያችን ያሉት የቆሎ ተማሪዎች እከክ አስቸግሯቸዋል። ልብስ ብንገዛላቸው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ እኛም ሦስት ጊዜ ገዝተን ሦስት ጊዜ ተመልሶባቸዋል። ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ናት የነገረችን። እከክ በአንድ ጎጆ ተጠጋግተው ከሚተኙት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ስለዚህ የሚያክከውም የማያክከውም በአንድ ቀን ቅባቱን መቀባት አለበት። ልብሱ፣ ነጠላው፣ መኝታው ያን ቀን በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ ፀሐይ ይምታው። የማይታጠበውን ደበሎ በፌስታል አስራችሁ ለጥቂት ቀን አስቀምጡት። የመጀመሪያው ሥራ ግን የኔታን ማስፈቀድ ነው። እሳቸውን ዘልላችሁ ከገባችሁ ነገሩ ይበላሻል። እኛ ጋ የኔታ ራሳቸው «እኔንም ቀቡኝ» ብለው ቀድመው እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ በኋላ ማን እምቢ ይላል? በበርሜል ውኃ አፍልተን ስናጥብ ዋልን። ቅባቱን ጤና ጣቢያ ጠይቁ፤ ራሳችሁ አትምረጡ።

ጥያቄ፦ ለታመመ ሰው በየጊዜው የሕክምና እየተለመነ ተሰላቸን።

መልስ፦ የምትረዷቸው ቤተሰቦች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆናቸውን እዩ። ቀበሌው በጣም ድሃ ብሎ የለያቸው ሳይከፍሉ ይገባሉ፤ ከዝርዝሩ የቀሩ ካሉ ቀበሌ ሄዳችሁ ተከራከሩላቸው። ለቀሩት የዓመቱን መዋጮ ክፈሉላቸው። አንድ ሰው በግል ክሊኒክ ለማሳከም ባወጣነው ብር ስንቱን ቤተሰብ ማስመዝገብ እንደምንችል ያሰላን ቀን አዝነናል።

ጥያቄ፦ እህል መቼ ነው የሚሰበሰበው? ገንዘቡስ ማን ጋ ይቀመጣል?

መልስ፦ እህሉ ጥር ላይ። ገበሬው አውድማውን ጨርሶ እጁ የሚፈታው ያኔ ነው። ምንጃር ያሉ ወንድሞች ጤፍና ሽንብራ የሚልኩልን ጥር ነው። የምናወጣው ግን ሐምሌና ነሐሴ፣ ጎተራው ሲራቆት። በበዓል ቀን ድሃን የሚጠይቅ አይጠፋም፤ በክረምት አጋማሽ ግን ሁሉም በሩን ዘግቶ እሳት ይሞቃል።

ገንዘቡ ሰበካ ጉባኤው በሚያውቀው ሒሳብ፣ በሦስት ፈራሚ፣ በሕጋዊ ደረሰኝ። በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ለአንድ ቀን እንኳ አይደር፤ ሰውየው የቱንም ያህል ጻድቅ ቢሆን። ሐሜቱ ብቻውን ይገድላችኋል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ልብስ ብልክስ?

መልስ፦ ሹራብ፣ ካፖርት፣ የተዘጋ ጫማ፣ ታጥቦ። ባለፈው የመጣው ከረጢት ውስጥ አራት ጥንድ ታኮ ጫማ ነበር።

ጥያቄ፦ የፑል ቤቱ ልጅ ነኝ። እህቴ አሳየችኝ። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?

መልስ፦ ከጧቱ 2 ሰዓት፣ ከአዳራሹ ጀርባ። 18 ጆንያ አለ፤ ግማሹ ዳገት ነው የሚወጣው። ወፍራም ልብስ ልበስ፤ ከሦስተኛው ጆንያ በኋላ ታወልቀዋለህ።