መልስ፦ 2ኬ24 እያለኝ 2ኬ25ን ልግዛ ወይ?

ወንድሜ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው የሬስሊንግ (የትግል) ቪዲዮ ጌም ደብሊው ደብሊው ኢ 2ኬ25 ምን አዲስ ነገር አለው፣ ከእሱ በፊት የነበረው 2ኬ24 ላለው ሰውስ ያዋጣል ወይ ብለህ ለጠየቅከው፣ እንደ እኔ እንደ እኔ ያዋጣል። ለእኔ ትልቁ ነገር ወንድና ሴት ሬስለሮች ፊት ለፊት መግጠም መቻላቸው ነው። ስንት ዓመት ስንለምነው የኖርነው ነገር ነው! 2ኬ24 ላይ ሴቷን ሬስለር ሪያ ሪፕሊን ይዘህ ሮማን ሬንስን ልግጠም ብትል አይሆንም ነበር፣ አሁን ይቻላል።

ሌላው የአንደርግራውንድ ግጥሚያ ነው። ሪንጉ ገመድ የለውም፣ ዙሪያውን ሬስለሮች ከበውህ ይቆማሉ፣ የምታሸንፈውም አዘርረህ ወይም እጅ አሰጥተህ ነው እንጂ ሦስት ተቆጥሮ አይደለም። ቼይን ሬስሊንግም (ተያይዞ መተናነቅ) ተመልሷል። በእሱ ምክንያት የግጥሚያው መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ቡጢ መደርደር ቀርቶ መተናነቁ ራሱ ጨዋታ ይሆናል፣ ይሄ በጣም ደስ ብሎኛል።

ጂኤም ሞድ (እንደ ሥራ አስኪያጅ ሆነህ የሬስሊንግ ሾው የምትመራበት ክፍል) የምትወድ ከሆነ ደግሞ እስከ አራት ሆናችሁ ኦንላይን መጫወት ትችላላችሁ። የጌሙ የታሪክ ክፍል ስለ ብለድላይን፣ ማለትም ስለ ሮማን ሬንስ የሬስለሮች ቤተሰብ ነው፣ ተራኪው የሬንስ ማናጀር የነበረው ፖል ሄይማን።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ዘ አይላንድ የተባለው፣ የራስህን ሬስለር ሠርተህ ደሴት ላይ እየዞርክ የምትጫወትበት አዲሱ ክፍል፣ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ላይ ብቻ ነው። በፒሲ ወይም በፕሌይስቴሽን 4 የምትጫወት ከሆነ እሱን ሳትቆጥር ወስን።