ቁጥር 10ንም አንብቡት

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ኤርምያስ 29፥11ን በቃሉ የማይዝ ወጣት ክርስቲያን ብዙም አይገጥመኝም። የምረቃ ቲሸርት ላይ ይታተማል፣ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለውን ቃል እኔም እወደዋለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ከሱ በፊት ስላለው ቁጥር ነው። ቁጥር 10 ስለ ሰባ ዓመት ይናገራል። እሱን ቲሸርት ላይ ያተመ ሰው አላየሁም።

መልእክቱ የተላከው ከኢየሩሳሌም ተማርከው ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች ነው። በዚያው ዘመን ሐናንያ የሚባል ነቢይ ነበር። በቤተ መቅደሱ ቆሞ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ሁሉ እየሰሙ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የተወሰደው ሁሉ ይመለሳል አለ። ማን አሜን የማይል አለ? ኤርምያስ ራሱ እንኳ «አሜን» ብሎለታል። እግዚአብሔር ግን ሐናንያን አልላከውም ነበር። ለምርኮኞቹ በኤርምያስ በኩል የደረሳቸው ቃል ሌላ ነው፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። ሰባ ዓመት ሲባል፣ ያን ደብዳቤ ከሰሙት አዋቂዎች ብዙዎቹ አገራቸውን ዳግመኛ አያዩም ማለት ነው። ያ የምንወደው የተስፋ ቃል የተነገረው ለእነሱ ነው።

ይህን የማነሳው ልቤ ስለሚያዝን ነው። «በዚህ ዓመት ቪዛህ ይመጣል»፣ «በሦስት ወር ውስጥ ታገቢያለሽ» የተባሉ ልጆች አውቃለሁ። ጾሙ፣ ጸለዩ፣ ጠበቁ። ቀኑ አለፈ። ቀጠሮውን የሰጣቸው ሰው ዛሬ ሌላ ከተማ ውስጥ ለሌሎች ቀጠሮ እየሰጠ ነው። እነሱ ግን ጌታ የዋሸባቸው መስሏቸው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መርገጥ ትተዋል። ልጆቼ፣ ያ ቀጠሮ የእግዚአብሔር አልነበረም። እሱን ስለ ሐናንያ አትቀየሙት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ገና ወጣት ነበርኩ። ሕንፃውም የባንክ ሒሳቡም ተወረሰ። መሪዎቻችን ታሰሩ፤ አራት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ እስር ቤት ቆዩ። ይህ ነገር እስከ መቼ እንደሚቆይ የነገረን ማንም የለም። የአንድ ሰሞን ነገር ነው ያልነው እስከ 1983 ድረስ ዘለቀ።

በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆንን እንሰበሰብ ነበር። ቡና ይፈላል፤ ከቀበሌ ሰው ቢመጣ ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና እየጠጣ ነው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጉባኤ ፊት ቆመው የማያውቁ እናቶች ቃሉን ያስተምሩ ጀመር። ጠዋት ደግሞ ሥራ አለ። እኔ ዋርድ ገብቼ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። «ጴንጤ» እያለ የሚያስፈራራን የካድሬው እናት ታመው ቢተኙም መድኃኒታቸው በሰዓቱ ይደርሳቸዋል። ለከተማይቱ ሰላም መጸለይ ለእኛ ይህን ይመስል ነበር።

ሲዘጋ አምስት ሺህ ገደማ የነበረው የአባላት ቁጥር፣ ተመልሶ ሲከፈት ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ግን ይህን ታሪክ «ታገሡ፣ በእጥፍ ይከፈላችኋል» ለማለት ከሚጠቀሙበት ሰዎች ጋር አልስማማም። ሁሉም አልተመለሰለትም። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ እሳቸውም በወጣትነታቸው ነቀምት ላይ በነርስነት የሠሩ፣ ከአገር እንዲወጡ ሐሳብ ቢቀርብላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። በሐምሌ 1971 ታፍነው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ታሰሩ። የቄስ ጉዲና አፅም የተገኘው መንግሥት ከተቀየረ በኋላ በ1984 ነው። ለወይዘሮ ፀሐይ የተመለሰላቸው ባል የለም። እምነት ውጤቱ የሚለካው በተመለሰልን ነገር ቢሆን ኖሮ ለእሳቸው ምን እንላቸዋለን?

ስለዚህ ለእግዚአብሔር ዓላማ መገዛት ስላችሁ እጅ አጣጥፋችሁ ተቀመጡ ማለቴ አይደለም። ሥራ ፈልጉ፣ ዲቪም ሙሉ፣ ማስተርሱንም ሞክሩ። የሚያሳስበኝ ኑሮን ሁሉ «ያ ነገር እስኪሆን» ብሎ ማቆም ነው። ዓላማዬ አልተገለጠልኝም ብሎ የሚጨነቅ ልጅ አለ፤ አባቱ እቤት በስኳር በሽታ እግራቸው ቆስሎ ተኝተዋል፣ እሱ ግን ያን ቁስል አይቶት አያውቅም። ትልቁን ጥሪ ሲጠብቅ ዛሬ የተሰጠውን እያለፈው ነው።

ቤይሩትና ሪያድ በሰው ቤት የምትሠሩ ልጆቼ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ይበልጥ ይቀርባችኋል። እዚያ ያላችሁት ወዳችሁ ላይሆን ይችላል። የምትንከባከቧቸውን አሮጊት በስማቸው እየጠራችሁ ጸልዩላቸው። ነገር ግን የሚደበድብ፣ ደሞዝ የሚከለክል ሰው ቤት መቆየትን ማንም «መስቀልሽ ነው» እንዳይላችሁ። ከዚያ መውጫ ፈልጉ። እግዚአብሔር አይቀየማችሁም።

መድከምን ደግሞ ኃጢአት አታድርጉት። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ሲለምን እግዚአብሔር አልተቆጣውም። መልአክ ላከለት፤ እንጎቻና ውኃ። በላ፣ ተኛ፣ እንደገና በላ። ስብከቱ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። በነርስነቴ የማምንበትን ልንገራችሁ፤ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሞትን የምትመኙ ከሆነ ግን ሁለት ሳምንትም አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ለሰው ንገሩ። ጸሎት ካለ ሐኪም ምን ያደርጋል የሚላችሁን አትስሙት። እምነታቸው የሞተ የመሰላቸው፣ ነገር ግን የታመሙ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ታክመው ሲሻላቸው ጸሎታቸውም ተመልሷል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በዚያ ዘመን ብቻውን የጸና ሰው አላውቅም። ትልቅ ጉባኤ መሃል ተቀምጦ ማንም የማያውቀው ሰው መሆን ዛሬ ቀላል ነው። አንድ ሳምንት ብትቀሩ «የት ጠፋህ? ምን ሆንሽ?» ብለው ደጃችሁን የሚያንኳኩ ሁለት ሦስት ሰዎች አሏችሁ? ከሌሏችሁ፣ በዚህ ሳምንት ሁለት ሰው ቤታችሁ ጥሩና አብራችሁ መጸለይ ጀምሩ።

ጌታ ያጽናችሁ።