ስቴሮይድ ከማዘዛችሁ በፊት ስለ ትሏ ጠይቁ

ውድ ወጣት የሙያ ልጆቼ፣

በውስጥ ደዌ ሕክምና ካሳለፍኋቸው ብዙ ዓመታት አንድ ነገር ብቻ ላወርሳችሁ ቢፈቀድልኝ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ጥቂት ገጽ ብቻ የሚሰጣትን ስትሮንጂሎይድስ የተባለችውን ድቡልቡል ትል እንዳትረሷት አደራ እላችኋለሁ። እንስቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ትረዝማለች፤ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ተሸሽጋ ያለ ወንድ ትራባለች። በ1876 እ.ኤ.አ. ሉዊ ኖርማን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከዛሬዋ ቬትናም ተቅማጥ ይዟቸው በተመለሱ ወታደሮች ሰገራ ውስጥ አገኛት።

ከአብዛኞቹ የአንጀት ትላትል የምትለየው የተሸከማትን ሰው ሳትለቅ መባዛት በመቻሏ ነው። ከእጮቿ ከፊሎቹ ወደ ውጭ ሳይወጡ እዚያው ጎልምሰው የአንጀትን ግድግዳ ወይም በፊንጢጣ ዙሪያ ያለውን ቆዳ በስተው ወደ ደም ይመለሳሉ፤ ከዚያም በሳንባ አልፈው ወደ ጉሮሮ ይወጡና ተውጠው እንደገና አንጀት ውስጥ ያድጋሉ። በዚህም ምክንያት አንድ ጊዜ በባዶ እግሩ የተበከለ አፈር ረግጦ የተያዘ ሰው ለአሥርት ዓመታት ሳያውቃት ሊሸከማት ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በታይላንድና በበርማ የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ከነበሩ የጦር እስረኞች መካከል፣ ወደ አገራቸው ከተመለሱ ከብዙ ዓመታት በኋላም የተገኘችባቸው ነበሩ።

ሰውነት በሽታን የመከላከል አቅሙ እስካለ ድረስ ቁጥሯን ይገታል። ስቴሮይድ የተባለው ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት፣ የካንሰር መድኃኒት፣ የንቅለ ተከላ ሕክምና ወይም ኤችቲኤልቪ-1 የተባለው ቫይረስ ያን አቅም ሲያዳክም ግን እጮቹ ያለ ልክ ይበዛሉ። (ኤችአይቪ ብዙዎች የጠበቁትን ያህል አላባባሳትም፤ እኔን ዘወትር የሚያስገርመኝ ይህ ነው።) አንጀትን እየበሱ በሚያልፉበት ጊዜ እንደ ኢ. ኮላይና ክሌብሲዬላ ያሉ የአንጀት ባክቴሪያዎችን በገላቸው ላይና በውስጣቸው ተሸክመው ወደ ደም ያስገባሉ፤ ባክቴሪያዎቹም የአንጎልን ሽፋን ደርሰው ማጅራት ገትር ያስከትላሉ። እጮቹ ራሳቸውም በአንጎልና በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ የተገኙበት ጊዜ አለ።

በወጣትነቴ ለአስም ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ያዘዝሁለት አንድ ሰው ሆዱን እያመመውና እያሳለው ተመልሶ መጣ፤ አስሙ የጸናበት መስሎኝ መጠኑን ጨመርሁለት። ከቀናት በኋላ በትኩሳት፣ በከባድ ራስ ምታትና በመቀባዠር ተኝቶ ሳለ ከአከርካሪ ፈሳሹ የአንጀት ባክቴሪያ ወጣ። ጭንቅላቱ ያልተጎዳና ቀዶ ሕክምና ያልተደረገለት አዋቂ ሰው ይህ ባክቴሪያ ወደ አንጎሉ በምን መንገድ እንደደረሰ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ አልጠየቅሁም። በትል ሕመም ጊዜ የሚበዛው ኢዮሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ከፍ አለማለቱም አዘናጋኝ፤ በእንዲህ ያለው ከባድ ሕመም ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ ከፍ እንደማይል በኋላ ተማርሁ። እጮቹ በአክታው ውስጥ በታዩበት ቀን ማታ አረፈ። ያን ሰው ዛሬም አስበዋለሁ።

እንግዲህ ለሳምንታት የሚወሰድ ስቴሮይድ ከማዘዛችሁ በፊት በሽተኛው የት እንደኖረና በባዶ እግሩ አፈር ላይ ሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ፣ የቅርቡን ብቻ ሳይሆን የልጅነቱንም ጭምር። ሰገራ በማይክሮስኮፕ አንድ ጊዜ ብቻ ሲታይ ትሏ ብዙውን ጊዜ ስለምታመልጥ የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ወይም የአጋር ሳህን ዘዴ (ሰገራን በዝልግልግ ማሳደጊያ ላይ አኑሮ የእጮቹን ዱካ ማየት) የተሻለ ነው፤ ጊዜ ከሌለ ደግሞ ሳትጠብቁ አይቨርሜክቲን የተባለውን የትል መድኃኒት መስጠት ይቻላል። መጠኑ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 200 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ ትሏ በሰውነት ውስጥ በተሰራጨችበት ሕመም ሰገራውና አክታው ለ2 ሳምንት ያህል ከእጭ ነጻ እስኪሆን በየቀኑ ይሰጣል፤ ስቴሮይዱም የሚቻል ከሆነ ይቀነሳል። ሎአ ሎአ የተባለው ትል በሚገኝባቸው የመካከለኛው አፍሪካ አካባቢዎች ለኖረ ሰው ግን አስቀድማችሁ ደሙን መርምሩ፤ በደሙ ውስጥ የዚያ ትል እጭ በብዛት ካለ አይቨርሜክቲኑ ራሱ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል።