በትንንሽ ሱቆች የሚባክን ምግብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በየቀኑ አትክልት እንጥላለን። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከሚዛንና ከደብተር። ለ2 ሳምንት የምትጥሉትን ሁሉ መዝኑ፤ ቀኑን፣ የዕቃውን ስም፣ ኪሎውንና ምክንያቱን ጻፉ። ምክንያቱ ላይ «ተበላሸ» ብላችሁ አትለፉት። «ብዙ ታዘዘ»፣ «ሲወርድ ተጨፈለቀ»፣ «ከኋላ ተረሳ» እያላችሁ ለዩ፤ መፍትሔው ለየቅል ነውና። ከ20 ኪሎ ቲማቲም 4 ኪሎው ከመጠን በላይ በስሎ የሚጣል ከሆነ፣ 16 ኪሎ እዘዙ፤ እሱንም በሁለት ዙር 8 ኪሎ 8 ኪሎ አስገቡ። ተጨፍልቆ ከሆነ ግን ትዕዛዝ መቀነስ አይፈይድም፤ ጥልቀት የሌለው ሳጥን ተጠቀሙ፣ ከሁለት ድርብ በላይ አትደርድሩ። ፍሪጅ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ይህን ደብተር አንብቡት።

ጥያቄ፦ ሙዝና ቲማቲም ፍሪጅ ውስጥ ለምን ይበላሻል?

መልስ፦ ብርድ ስለማይስማማቸው። ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቆዩ የሙዙ ልጣጭ ይጠቁራል፣ የቲማቲሙ ጣዕም ይጠፋል። አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ቦታ አኑሯቸው፤ ከቅጠላ ቅጠል ግን አርቋቸው። እየበሰሉ ሲሄዱ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ፤ እሱ ቅጠሉን ቶሎ ቢጫ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ዳቦስ?

መልስ፦ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፤ ከውጪው ይልቅ እዚያ ቶሎ ይደርቃል። ማቆየት ካስፈለገ ትኩስነቱ ሳይጠፋ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ።

ጥያቄ፦ ወተታችን ቀኑ ሳያልፍ ይጎመዝዛል። ፍሪጁ ግን ይሠራል።

መልስ፦ መሥራቱ ብቻ አይበቃም፤ ወተት ከ4 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ቴርሞሜትር ከትታችሁ ከወተቱ አጠገብ አስቀምጡ፤ የአየሩ ሙቀት በሩ በተከፈተ ቁጥር ስለሚዋዥቅ ያሳስታል። ጠዋት ከመክፈታችሁ በፊትና ገበያው በደራበት ሰዓት አንብቡት። ጠዋትም ከፍ ካለ የበሩን ጎማ ፈትሹ፦ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለምንም መያዝ ሸርተት ብሎ ከወጣ ጎማው አልቋል። ጎማው ደህና ከሆነ በፍሪጁ ውስጥ ቀዝቃዛ ንፋስ የሚወጣበትን ቀዳዳ የደፈነ ካርቶን ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ቀኑ ያለፈበትን በቅናሽ መሸጥ ይቻላል?

መልስ፦ ቀኑ የደህንነት ከሆነ፣ ማለትም ካለፈ ምግቡ ሊያሳምም የሚችል ከሆነ፣ ለምሳሌ በጥሬ ሥጋ ላይ፣ መሸጥም መለገስም ፈጽሞ አይገባም። የጥራት ቀን፣ ማለትም ካለፈ ጣዕሙ ብቻ የሚቀንስበት፣ ለምሳሌ የብስኩት፣ ሌላ ነው፤ የአገራችሁን ሕግ እዩ። ቅናሹን ቀኑ ሊያልፍ 2 ቀን ሲቀረው ጀምሩት፤ በመጨረሻው ሰዓት የሚያነሳው የለም።

ጥያቄ፦ ከትርፍራፊ የምናዘጋጀው ማዳበሪያ (ኮምፖስት) ለምን ይሸታል?

መልስ፦ ውሃ በዝቶበት አየር አጥቷል። ለ1 ባልዲ እርጥብ ትርፍራፊ ከ2 እስከ 3 ባልዲ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀደደ ካርቶን ጨምሩና ገልብጡት። በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ ጣል ካደረገ ልኩ ነው። ሥጋና ወተት አታስገቡበት፤ አይጥ ይጠራል።