ያበጠው ድድ አይነካ፤ መድኃኒት የሚሻው ተቅማጡ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከሐይቅ ነው። የሰባት ወር ልጄ የታችኛው ድዷ በግራና በቀኝ አብጦ ነጣ ብሏል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያስቀምጣታል፣ ትኩሳትም አላት። አማቴ «የወተት ጥርስ ነው፣ ካልተነቀለ ይጨርሳታል» ይላሉ። ታላቅ ወንድሟም በእሷ ዕድሜ ተነቅሎለት ነው የዳነው። ፈርቼ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቼ ድዷን ቀባሁላት። ወንድሟ አሁን አምስት ዓመቱ ነው፤ ሲቦርሽ ድዱ ስለሚደማ ብሩሹን አስቁሜዋለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የፈሩት ልጅዎን እንዳያጡ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር። ድዷ አይገድላትም። ሊጎዳት የሚችለው ተቅማጡ ነው፤ እሱ ደግሞ የታወቀ መድኃኒት አለው። ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷትና ኦአርኤስና ዚንክ ይቀበሉ። አንዱን የኦአርኤስ ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ይበጥብጡት፤ ባስቀመጣት ቁጥር አንድ የቡና ሲኒ ያህል በማንኪያ በዝግታ ያጠጧት። ካስመለሳት 10 ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይጀምሩ። የተረፈውን ከ24 ሰዓት በላይ አያሳድሩ። ዚንኩ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ለ10 ቀን ነው፤ ተቅማጡ ቢቆምም ይጨርሱት። ጡት አያቋርጡ። ትኩሳቱንም ለጥርስ አይስጡት፤ ጥርስ ሲወጣ ድድ ያሳክካል፣ ለሀጭ ያበዛል እንጂ 38 ዲግሪ የሚደርስ ትኩሳት አያመጣም። ምክንያቱ እዚያው ይመርመርላት። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ጡት አልይዝ ካለች፣ ከፈዘዘች ወይም ሰገራዋ ላይ ደም ካዩ በሌሊትም ቢሆን ይዘዋት ይሂዱ።

አሁን ወደ ነቀላው። በወሎ ገጠርም ከተማም ይህ እምነት የጸናው ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ዓይን ሲያየው እውነት ይመስላላ። ሕፃን ስድስት፣ ሰባት ወር ሲሞላው አጥሚትና ገንፎ ይጀምራል፣ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ ከእናቱ ይዞት የተወለደው የበሽታ መከላከያም ይቀንሳል። ተቅማጥ የሚበዛው በዚሁ ዕድሜ ነው። በዚሁ ዕድሜ ደግሞ ያልወጣው የክራንቻ ጥርስ ድዱን ከውስጥ ገፋ ስለሚያደርገው ያበጠ ይመስላል፣ ነጣ ይላል። ሁለቱ አብረው ይታያሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አላመጣውም። አብዛኛው ተቅማጥ በሳምንት ውስጥ በራሱ ያቆማል፤ በመሃል ከተነቀለ ምስጋናውን ምላጩ ይወስዳል። ወንድሟም የዳነው እንደዚህ ነው።

ነቃዩ በምላጭ ወይም በወስፌ ድዱን ሰንጥቆ ለስለስ ያለ ነጭ ነገር ያወጣና «ይኸው ትሉ» ይላል። ትል አይደለም። ገና ያልጠነከረ የልጅዎ ጥርስ ነው፤ ቢተውት ከ1 ዓመት ከ4 ወር እስከ 2 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ይወጣ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ቋሚው ክራንቻ መሠራት የሚጀምረው በዚሁ ዕድሜ ስለሆነ፣ መሣሪያው እሱንም ያበላሸዋል ወይም ጨርሶ ያጠፋዋል። በተቅማጥ የደከመች ሕፃን ላይ ደም ሲፈስስ ያስቡት። አንዱ ምላጭ ከልጅ ልጅ ሲዞር ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል፤ ቆሻሻው መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚባክነው ቀን ነው፦ ቤተሰቡ «ነቅለንላታል፣ ይሻላታል» ብሎ ሲጠብቅ ልጅቱ ውሃዋ ያልቃል። አማትዎ የሚናገሩት ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። እርስዎ ግን እምቢ ይበሉ።

ስለ ቴትራሳይክሊኑም ዝም አልልም። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ የተቀባውን መዋጧ ስለማይቀር ጥርሷን እስከ ዕድሜዋ ልክ ቢጫና ቡናማ ሊያደርገው ይችላል። ተቅማጧንም ሆነ የድዷን እብጠት አይፈውስም። አንድ ጊዜ ስለተቀባ አይደንግጡ፤ ግን ሁለተኛ አይድገሙት፣ ለጤና ባለሙያውም ይንገሩት። አረቄ መቀባትም እንዲሁ ይቅር። ድዷን ካሳከካት እጅዎን ታጥበው በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይሹላት፤ ይበቃል።

የወንድሟ ነገር ቀላል ነው፣ ብሩሹን ማስቆምዎ ግን አባብሶታል። ድዱ የሚደማው በጥርስና በድድ ወሰን ላይ የተጋገረው ለስላሳ ቆሻሻ ስላስቆጣው ነው፤ ካልተጠረገ ይብሳል። ለስላሳ ብሩሽና አተር የምታክል ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይያዙ። ከኋላው ቆመው ጭንቅላቱን ደረትዎ ላይ ያስደግፉ፣ ከንፈሩን ገለጥ ያድርጉ፣ የብሩሹን ፀጉር ወደ ድዱ ወሰን ዘንበል አድርገው በትንንሹ ያሽከርክሩ። ሁለት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። የማታው አይዘለል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ይጠጣ፣ ስኳር ያለው ሻይ ይዞ አይተኛ። ሳሙናውን ይትፋ እንጂ አፉን አይጉመጥመጥ። እስከ ሰባት፣ ስምንት ዓመቱ የሚቦርሹለት እርስዎ ነዎት፤ ለብቻው ሲተው የፊቱን ብቻ ነካ ነካ አድርጎ ይጨርሳል። የወይራ መፋቂያ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰ ለትልቅ ልጅ ጥሩ ነው፤ ለእሱ ግን ድዱን ይወጋዋል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይደማል፣ አያቁሙ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ካልተሻለው የጥርስ ሐኪም ይየው። የድዱ ጫፍ ግራጫ ሆኖ መጥፎ ሽታ ካመጣ ወይም ጉንጩ ካበጠ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ፤ በተለይ ከኩፍኝ በኋላ ወይም ከሰውነት ከጎደለ።

አንድ ነገር ይመልከቱለት፦ ታች በግራና በቀኝ የክራንቻው ቦታ ባዶ ነው? ከሆነ ያኔ የተነቀለው ነው። ቋሚው የታች ክራንቻ የሚጠበቀው ከ9 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ደሴ ወስደው ራጅ ያስነሱት፤ በሕፃንነቱ መነቀሉንም ለሐኪሙ ይንገሩ። አማትዎንም አብረው ይውሰዷቸው፤ ሐኪሙ ራጁን ለእሳቸውም ያሳያቸው።