መለኪያውን ከማመናችሁ በፊት

ልጆች፣ ዕድሜዬን የጨረሰው የላቦራቶሪ መሣሪያ ማስተካከል ነው። ሰሞኑን አንድ ወጣት አዲስ የአልትራቫዮሌት (ዩቪ) ጨረር መለኪያ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይሄ ትክክል ነው?» አለኝ። «በየትኛው ብርሃን ነው ካሊብሬት የተደረገው?» አልኩት፤ ከየትኛው የታወቀ ብርሃን ጋር ተመሳክሮ ተስተካከለ ማለቴ ነው። ዝም አለ። ምነው እኔም በእሱ ዕድሜ ዝም ባልኩ!

ያኔ ለጀርም መግደያ መብራት የተሠራ መለኪያ ነበረን። መብራቱ የሜርኩሪ ነው፤ ዩቪው በአብዛኛው 254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ነው የሚወጣው። አንድ ቀን በእኩለ ቀን መለኪያውን ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁና ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ደህና ቁጥር ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ሪፖርት ላይ ጻፍኩት። አለቃዬ አነበበና «እና ኦዞኑ የት ሄደ?» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

አፈርኩ። ከ280 ናኖሜትር በታች ያለውን የፀሐይ ጨረር አየሩ፣ በተለይ ኦዞኑ፣ ላይ ያስቀረዋል፤ እኛ ጋ አይደርስም። ታዲያ የለካሁት ምን ነበር? የመለኪያው ማጣሪያ ጨርሶ ያላገደውን ሌላ ብርሃን። የፀሐይ ብርሃን ብዙ ስለሆነ ጥቂቱ ሾልኮ ሲገባ እንኳ ቁጥሩን ያበላሻል። ያው መለኪያ መብራቱ ሥር ሲቀመጥ ግን ልክ ነበር።

ፀሐይ ሌላም ተንኮል አላት። ከ320 ወደ 290 ናኖሜትር ስትወርዱ ጨረሯ እንደ ገደል ነው የሚወርደው። ቆዳ አጥብቆ የሚያቃጥለው ደግሞ እዚያው ገደሉ ላይ ነው። ስፔክትሮሜትራችሁ፣ ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ ለይቶ የሚለካው መሣሪያ፣ በግማሽ ናኖሜትር ከሳተ ውጤቱ ክፉኛ ይዛባል። እዚህ ላይ የሜርኩሪ መብራት ባለውለታ ነው፤ ብርሃኑ ከሚወጣባቸው ቀጫጭን መስመሮች አንዷ 296.7 ናኖሜትር ላይ ናት፣ ከቦታዋ አትነቃነቅም። መሣሪያችሁን በእሷ ፈትሹት።

የማመሳከሪያውን ሃሎጅን መብራት፣ ማለትም ብርሃኑ መጠን የታወቀውን፣ በባዶ እጅ አትንኩ፤ የጣት ቅባት ኳርትዙ ላይ ይቃጠላል። ከመለኪያው 50 ሴንቲሜትር ላይ መቆም ያለበትን አንድ ሴንቲሜትር ብታሳስቱት 4 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ከረንቱንም ጠብቁ፤ የእኛን ኤሌክትሪክ መዋዠቅ ታውቁታላችሁ።

አዲስ አበባ ላይ ብርዱ ያዘናጋል፣ ፀሐይዋ የዋህ ትመስላለች። ከፍታው ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ዩቪው 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሙቀት ዩቪን አይናገርም።

ልጁ ትናንት የካሊብሬሽን ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። መብራቱ የሜርኩሪ፣ 254። መሥሪያ ቤቱ የገዛው ለፀሐይ ነበር።