በየወሩ የሚከፍለው ማነው? ከተሞች፣ አረንጓዴ ፕሮጀክትና የግል ባለሀብት
የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

ጥያቄ፦ የምሠራው በአንድ መካከለኛ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው። የመንገድ መብራቶቻችንን ወደ ኤልኢዲ ለመቀየር ጥናት አዘጋጅተን በየኢንቨስትመንት ፎረሙ አቅርበናል። ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላል፤ ተመልሶ የሚመጣ ግን የለም። ምን ጎደለን?

መልስ፦ እንዲህ ያሉ ጥናቶች ስለሚቀነሰው የካርቦን ልቀት ገጽ በገጽ ይጽፉና ስለ ክፍያ አንድ አንቀጽ ብቻ ይተዋሉ። ባለገንዘቡ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ያችኑ አንቀጽ ነው። በየወሩ የሚከፍለኝ ማነው? ከየትኛው ሂሳብ? ባይከፍለኝስ?

መብራት ሒሳቡ ባንድ ወረቀት የሚያልቅ ፕሮጀክት ስለሆነ በእሱ እንይ። 5,000 ባለ 250 ዋት የሶዲየም መብራቶች አሏችሁ እንበል። አንዱ ከነባላስቱ (ኤሌክትሪኩን ከሚመጥንለት መሣሪያ ጋር) 275 ዋት ያህል ይወስዳል። ባለ 100 ዋት ኤልኢዲ ሲተካ 175 ዋት ይቆጠባል። ሌሊታችን ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ መብራቱ በዓመት 4,380 ሰዓት ይሠራል። በድምሩ 3.8 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል ማለት ነው። ባለሀብቱ ኩባንያ ኤልኢዲውን በራሱ ገንዘብ ይተክላል፣ ለምሳሌ ለ8 ዓመት ከቁጠባው ድርሻውን ይወስዳል፣ ከዚያ ንብረቱ የከተማው ይሆናል።

አሁን ማታ ወጥታችሁ ምሰሶ ቁጠሩ። ከ5,000ው 2,000ው የማይበራ ሆኖ ከተገኘ ሒሳቡ ይገለበጣል። የጠፋ መብራት ምንም አይፈጅም፤ ኤልኢዲ ሲገባለት ግን መፍጀት ይጀምራል። በ3,000ው ላይ 525 ኪሎዋት ትቆጥባላችሁ፣ በ2,000ው ላይ 200 ኪሎዋት ትጨምራላችሁ። የተጣራው ቁጠባ በዓመት 1.4 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ባለሀብቱ ይህን በራሱ ቆጠራ ቢደርስበት የቀረውን ጥናታችሁንም አያምንም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምሰሶ ቁጥር ስጡትና ይበራ እንደሆነ፣ ስንት ዋት እንደሆነና በየትኛው ቆጣሪ ሥር እንዳለ መዝግቡ። የኤሌክትሪክ ክፍያችሁ በቆጣሪ ሳይሆን በግምት የሚከፈል ከሆነ ደግሞ ቆጣሪ ሳይገባ ፕሮጀክቱን አታቅርቡ፤ ኤሌክትሪኩ ቢቀንስም ክፍያው አይቀንስምና። ታሪፍ ርካሽ በሆነበት ከተማ የኃይል ቁጠባው ብቻውን ዕዳውን ላይሸፍን ይችላል። የአምፖል መቀየሪያውን፣ የክሬን መኪናውንና የሠራተኛውን ወጪም ደምሩበት።

ቀጥሎ በጀት አለ። ውሉ የ8 ዓመት ነው፤ በጀታችሁ ግን ሰኔ 30 ይዘጋል። ባለሀብቱ በየዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ሲመጣ የሚፈራው ለዚህ ነው። የከንቲባ ደብዳቤ አያሳምነውም፤ ከንቲባው ሲነሳ ደብዳቤውም ዋጋ ያጣል። የብዙ ዓመት ግዴታውን ምክር ቤቱ ያጽድቀው፤ የክልላችሁ ሕግ ይህን መፍቀዱን ደግሞ የሕግ ክፍሉ አስቀድሞ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ከዚያ አንድ የታወቀ ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ለዚህ ብቻ ወደተከፈተና ለሌላ ወጪ ወደማይነካ ሂሳብ ይግባ፤ ባንኩ ከዚያ በቀጥታ ለኩባንያው ይክፈል። በሂሳቡ የስድስት ወር ክፍያ መጠባበቂያ ቢቀመጥ ድርድሩ ይቀላል።

ጥያቄ፦ የደቡብ አፍሪካዋ ጆሃንስበርግ አረንጓዴ ቦንድ (ለአካባቢ ጥበቃ ሥራ የሚውል የብድር ሰነድ) ሸጣለች። የእኛም የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ታዲያ ከተሞቻችን ለምን ቦንድ አይሸጡም?

መልስ፦ ጆሃንስበርግ በ2014 እ.ኤ.አ. የ1.46 ቢሊዮን ራንድ አረንጓዴ ቦንድ አውጥታለች። ግን ተራ ቦንድ መሸጥ የጀመረችው ከዚያ አሥር ዓመት ቀድማ ነው። ገዢው ያመነው «አረንጓዴ» የሚለውን ስም ሳይሆን የከተማዋን የኦዲት ሪፖርትና የአከፋፈል ታሪኳን ነው።

በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51(7) መሠረት ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጭ የሚበደሩበትን ሁኔታ የሚወስነው የፌዴራል ሕግ ነው። ይህን ተሻግሮ ቦንድ ማሰብ ምን እንደሚያስከትል ዳካር ትናገራለች። የሴኔጋሏ ዋና ከተማ በ2015 እ.ኤ.አ. ለጎዳና ነጋዴዎች ገበያ መሥሪያ የ20 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ ቦንድ አዘጋጀች። የብድር ደረጃ ምዘና (ዕዳዋን የመክፈል አቅሟን የሚያሳይ ደረጃ) አግኝታለች፣ የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትም ለግማሹ ዋስ ሆኗል። ሽያጩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ማዕከላዊው መንግሥት አስቆመው። የገንዘብ ሚኒስቴር በር በመጀመሪያው ወር ይንኳኳ የምንለው ለዚህ ነው።

ለአሁኑ የምንመክረው ያን ያህል የሚያጓጓ አይደለም። የሦስት ዓመት ሂሳባችሁን አስመርምሩ፣ የኮንትራክተር ውዝፍ ዕዳችሁን ዘርዝራችሁ ክፈሉ፣ የቤትና የቦታ ግብር መዝገባችሁን አድሱ። ይህ ካልተሠራ የብድር ደረጃችሁን የሚመዝን ድርጅትም ቢመጣ የሚያየው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ጓደኛሞች በአገር ቤት ከተማ በኤሌክትሪክ አውቶቡስ ላይ ገንዘብ ልናወጣ አስበናል። ዋናው አደጋ የቱ ነው?

መልስ፦ ትኬቱ በብር፣ ዕዳው በዶላር መሆኑ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። የ100,000 ዶላር ክፍያ የነበረበት ሰው 5.7 ሚሊዮን ብር ያዘጋጅበት ለነበረው ዕዳ ከ10 ሚሊዮን በላይ መፈለግ ነበረበት። የአውቶቡስ ዋጋ ግን በዚያ ፍጥነት አይጨመርም። የአገር ውስጥ ብድር ቀላቅሉ፤ በዶላር የግድ ከሆነም ልዩነቱን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ከተማው በውሉ ላይ ይጻፈው።

የውሉን ቅርጽ ከቺሊ ዋና ከተማ ከሳንቲያጎ መውሰድ ትችላላችሁ። እዚያ በ2018 እ.ኤ.አ. ኤኔል ኤክስ የሚባል የኃይል ኩባንያ የቻይናው ቢዋይዲ የሠራቸውን 100 የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ገዝቶ ለአንቀሳቃሹ ለሜትቡስ አከራየ። ባለንብረቱና ሹፌር ቀጥሮ የሚያሠራው ለየብቻ ናቸው። አንቀሳቃሹ ቢቀየር አውቶቡሱ ወደ ተተኪው ይተላለፋል፣ የኪራዩ ክፍያም ይቀጥላል። ይህ አንቀጽ በረቂቃችሁ ከሌለ አትፈርሙ።

ጥያቄ፦ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ለሁለተኛ ደረጃ ከተማ ያዋጣል?

መልስ፦ በአብዛኛው አያዋጣም። የዓለም ባንክ መመሪያ የቆሻሻው የሙቀት ዋጋ (ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀት) በዓመት አማካይ በኪሎ ቢያንስ 7 ሜጋጁል እንዲሆን፣ በየትኛውም ወቅት ከ6 በታች እንዳይወርድ ይላል። የእኛ ቆሻሻ በአብዛኛው የምግብ ትርፍራፊና ቅጠላ ቅጠል ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ይመጣል። የማሽን ሻጩን ቁጥር ከመቀበላችሁ በፊት በበጋም በክረምትም ከየሰፈሩ 100 ኪሎ ያህል ናሙና እየወሰዳችሁ በዓይነት ለይታችሁ መዝኑ። ኦርጋኒኩ ከግማሽ በላይ ከሆነ ኮምፖስት አስቡ፤ እሱንም ቢሆን የሚገዛችሁ የአበባ እርሻ ወይም የገበሬዎች ዩኒየን በጽሑፍ ካልተስማማ ቦታ አትጥረጉለት።